የካውያው ዘፈን

ሐምሌ 14 ቀን 1977፣ እሁድ

ይህን ደብተር የገዛሁት የጊታር ኮርድ ልጽፍበት ነበር። በመጀመሪያው ገጽ «ባለፉጨቱ»ን፣ በሁለተኛው «የባሕር ዳሩ»ን ጻፍኩ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጄ ወሬ ጀመረ። ይጀምር። እዚህ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ የመኪና ቲኬት ከመቀበል ሌላ ሥራ የለኝም። እሁድ ደግሞ ዳውንታውን ኦክላንድ መኪና የሚያቆም ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ተክለጻድቅ ለእንቁጣጣሽ ሌክ ሜሪት አጠገብ አዳራሽ ተከራይተዋል። እሳቸው የቴሌግራፍ ጎዳናው ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሠርግም ልቅሶም ያለ እሳቸው አይሆንም። «አምሐ፣ አንተና ያ የአስመራው ልጅ ዱሮ አዲስ አበባ ሆቴል ትጫወቱት የነበረውን አሜሪካንኛ አምጡልኝ» አሉኝ። ሰው ከወደደው ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤታቸው እንድንጫወት ያደርጉናል።

ያ የአስመራው ልጅ ተኽላይ ነው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሳን ሆዜ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እኔም አርባን አልፌያለሁ። ልጅ መባል ግን ይጣፍጣል።

ስደውልለት ገና ሳልጨርስ እሺ አለ። «አማርኛ ብዘፍን የእኛዎቹ ይቀየሙኛል፤ ትግርኛ ብዘፍን የእናንተዎቹ ይነሡብኛል። የአሜሪካን ዘፈን ማንን ያስቀይማል? የማንም አይደለም» አለኝ።

ጊታሩን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ሁለት ክር የለውም።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

ከተኽላይ ጋር ዩኒየን ሲቲ ተገናኘን። ለእኔም ለእሱም መሐል ነው። አቶ ተስፋማርያም የሚባሉ የእናቱ የአክስት ልጅ እዚያ ትንሽ ግሮሰሪ አላቸው፤ ከኋላ የሩዝ ጆንያ የሚደረደርበት ክፍል ሰጡን። በሩን ገርበብ አድርገው እየሰሙ ሲስቁ አየኋቸው።

«ባለፉጨቱ» ወጣ። «የባሕር ዳሩ» ግማሽ በግማሽ። «የካውያው» ላይ ተኽላይ ድምፁ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ተሰበረ። አንድ ድምፅ ዝቅ እናድርገው ብለው አሻፈረኝ አለ። «ኣደይ የምታንጎራጉረው በዚህ ነው» ይላል። እናቱን ነው ኣደይ የሚለው።

የዘፈኖቹን ትክክለኛ ስም አውቃለሁ፤ ግን በሃምሳዎቹ አጋማሽ እኛ ባወጣንላቸው ስም ካልጠራኋቸው ጣቴ አይታዘዝልኝም። ይሄኛው «የካውያው» የተባለው በእናቱ በወይዘሮ ጸሓይ ነው። አስመራ፣ የአሜሪካን ጦር ይኖርበት በነበረው ቃኘው ሰፈር፣ አንድ መኮንን ቤት ልብስ ያጥቡና ይተኩሱ ነበር። መስኮቱ ላይ ሬዲዮ አለ። ሬዲዮው በየሳምንቱ የአሜሪካንን ዘፈኖች ከታች ጀምሮ እየቆጠረ አንደኛው ላይ ይደርሳል። ተኽላይ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ እናቱ ከላይ ካውያውን እየገፉ ያንጎራጉራሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም። የሳምንቱ አንደኛ የትኛው እንደሚሆን ግን ከእሱ ቀድመው ይናገሩ ነበር ይላል። ያንን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ እሱ አፉ ላይ የያዘውን እኔ ጊታር ላይ ፈለግሁለት። ሸክላው ሱቅ ሲደርስ ሰው ፈረንጆቹ ከእኛ የቀዱት ይመስለው ነበር።

ሃያ ዓመት። ዛሬ የሩዝ ጆንያ ላይ።

ነሐሴ 5፣ እሁድ

ሮማነወርቅ ተቆጥታለች። በፍልሰታ ጊታር። «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» አለችና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ባለቤቴ ስትቆጣ ተረት ታበዛለች።

ልጄ ጽጌ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማኝ ቆይታ «ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ሱፐርማርኬት ሚውዚክ» አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ክፋት የላትም። እውነቷን ነው። ባለፈው ሳምንት ከቀዘቀዘው ዶሮ አጠገብ «የባሕር ዳሩ» ከጣሪያው ላይ ሲመጣ ሰምቼ ጋሪዬን ይዤ እስኪያልቅ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ዓለም ሁሉ ያበደበት ነገር አሁን ዶሮ ይሸጡበታል።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

አምስተኛው ክር ተበጠሰ። አዲስ ገዛሁ። ሰው ይመጣ ይሆን? የተኽላይ ድምፅ ይሰበራል። ቢሰበርስ።

ነሐሴ 19፣ እሁድ

ልምምድ ሳን ሆዜ፣ ተኽላይ ቤት። ፊቱ ጠቁሯል። ከእነሱ ወገን አንዱ «በእነሱ ዘመን መለወጫ ምን አገባህ?» ብሎታል። ለእኔም እኮ ከእኛ ወገን «ወንበዴ ልታስዘፍን ነው አሉ» ያለኝ አለ። አልነገርኩትም።

ሳሎኑ ውስጥ አዲስ አልጋ ቆሟል፤ የፍራሹ ፕላስቲክ አልተገፈፈም። ለእናቱ ነው። ሚስቱ ሂወት ፕላስቲኩን ልታወልቅ ስትል ይከለክላታል፤ እሳቸው ራሳቸው ይቅደዱት ይላል። ወረቀታቸው ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ለፋሲካ እዚህ ናቸው። አልጋው ላይ ልቀመጥ ብል «ተነሥ» ብሎ አባረረኝ፤ ሳቅን።

ዛሬ «የካውያው» ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሄደ። አልተሰበረም። ሂወት ከማድ ቤት አጨበጨበች። ከብዙ ዓመት በኋላ ደስ ያለኝ ቀን ነው ብል አላበዛሁም። ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጠው ሰውዬ ሌላ ሰው መሰለኝ።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

ቲኬቱ አለቀ። ጋሽ ተክለጻድቅ ቅዳሜዎቹን ሰጡን ማለት ይቻላል፤ «እስቲ እንየው» ብለዋል፤ ከእሳቸው አፍ ይህ እሺ ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ያ ከፍ ያለ ቦታ ብቻ ነው።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ ጸሓይ ዐረፉ። እሁድ ዕለት፣ አስመራ። ተቀብረዋል። የተደወለው ለአቶ ተስፋማርያም ነው። ተኽላይ አያውቅም። ሂወትም አታውቅም።

ከሥራ ስወጣ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ አሉ፣ አቶ ተስፋማርያም ከዩኒየን ሲቲ መጥተዋል፣ እኔ አለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ሳለ፣ ሥራ ሊገባ ሲል አይነገርም። በማለዳ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

አቶ ተስፋማርያም ነገ ጠዋት ይሁን አሉ። ነገ ዓመት በዓል ነው፤ በእንቁጣጣሽ መርዶ ነውር ነው ተባለ። ከነገ ወዲያስ? ሰው ሁሉ ሥራ ነው፤ ሳን ሆዜ ድረስ ማን ይሄዳል ተባለ። በመጨረሻ እሁድ ማለዳ ተባለ። አቶ ተስፋማርያም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ታዲያ ቅዳሜ ልጁ ሊዘፍን ነው?» አሉ። ቢሰረዝ ይጠረጥራል ተባለ። ይጠረጥራል፤ እውነት ነው። ከጠረጠረ ደግሞ ብቻውን ሆኖ መስማቱ ነው። ይህን ማን ይወዳል።

ለሮማነወርቅ የሆነውን ነገርኳት። ተረትም አልተረተችም።

መስከረም 1 ቀን 1978፣ ረቡዕ

ከሥራ ወጥቼ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ባልሄድ ይጠረጥር ነበር። ተኽላይ በር ላይ አቀፈኝ፣ እንኳን አደረሰህ ተባባልን። ሂወት ዶሮ ሠርታለች። በላሁ።

ከበላን በኋላ ስልኩን ብድግ አድርጎ «ለኣደይ ልደውልላት» አለ። ዛሬ በዓል ስለሆነ መስመሩ ይጨናነቃል አልኩት። እሁድ ደውልላት፣ እሁድ ይቀላል አልኩት። እውነትም በበዓል ቀን ወደዚያ መስመር አይገኝም፤ ኦፕሬተሯ ራሷ ነው የምትናገረው። ስልኩን መለሰው።

ከዚያ ተለማመድን። «የካውያው» ላይ ይፈጥን ነበር፤ ረጋ በል አልኩት። ረጋ አለ። አማረ።

መስከረም 3፣ ዓርብ

ሰው ሁሉ ሰምቷል። ጋራዥ ድረስ ሁለት ሰው መጥቶ ጠየቀኝ። ለእሱ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፤ በዚህ እንኳ የእኛም የእነሱም ወገን አንድ ነው። አቶ ተስፋማርያም ደውለው «አሁንም አልመሸም» አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ? ሽማግሌዎቹ ናቸው የወሰኑት አልኳቸው። ስልኩን ዘጉት።

ጥቁር ከረባት ወይስ ቀይ? ሮማነወርቅ «ለየትኛው ቀን?» አለችኝ።

መስከረም 4፣ ቅዳሜ

ልሄድ ነው። ቀዩን አደረግሁ። ጥቁሩን ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ።

መስከረም 5፣ እሁድ

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከትናንት ልጀምር።

አዳራሹ ሞላ። የእነሱም ወገን መጣ፤ እመጣለሁ ያላለው ሁሉ መጣ። ለምን እንደመጡ ገብቶኛል፤ ነገ ማልደው ከእኛ ጋር ሳን ሆዜ መሄድ ስላለባቸው ኦክላንድ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ነው። ተኽላይ ግን በመጋረጃው ቀዳዳ እያየ «አየሃቸው? የእኛዎቹ መጡ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ባለፉጨቱ»ን ጀመርን። ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ጋሽ ተክለጻድቅ ከኋላ ተነሥተው ሲያጨበጭቡ ሌላውም ተከተለ፣ መደነስ ተጀመረ። «የባሕር ዳሩ»ም እንዲሁ። ከዚያ ተኽላይ ማይኩን ይዞ መናገር ጀመረ። ይህንን አልተለማመድነውም። አስቀድሞ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በትግርኛ ተናገረ። «ይቺን ዘፈን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ቃሉን አታውቀውም፤ ዜማውን ግን ከእኔ አብልጣ ታውቀዋለች። ለፋሲካ እዚሁ መድረክ ላይ አቆማትና እሷ ትዘፍንላችኋለች።»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ከዚያ ሌላዋ። እኔ ጀመርኩ፣ እሱ ገባ። ዘፈኑ እኮ የደስታ ዘፈን ነው፤ እግር ያስነሣል። ሰው ደግሞ ካልደነሰ ሊያስታውቅበት ነው፤ ስለዚህ ተነሥተው ይደንሳሉ፣ እየደነሱ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ወለሉን ያያሉ። ሁለቱ ወገኖች ባንድ ነገር አብረው ሲያለቅሱ ሳይ፣ አሜሪካ ከመጣሁ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፁ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ አልተሰበረም። እንደዚያ ዘፍኖ አያውቅም፤ በሃያ ዓመቱም አልዘፈነም።

ሲያልቅ የሚያጨበጭብ ጠፋ። ተኽላይ ወደ እኔ ዞሮ በጣቱ ምልክት ሰጠኝ፤ እንድገመው ነው። ደገምነው።

በሁለተኛው ላይ ሂወትን አየኋት። ለስላሳ የሚቀዳበት ጠረጴዛ አጠገብ ነበረች። ሰውን አየች፣ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና ወጣች።

ከመድረክ ስንወርድ ሸሚዙ በላብ ርሷል። «የማንም ያልሆነ ዘፈን ብዬህ አልነበረም? ሁሉንም አስለቀሳቸው» አለኝ። አዎ አልኩት። አቀፈኝ።

ጽጌ ቴፕዋን ይዛ ከፊት ስትቀርጽ ነበር። መኪና ውስጥ «ዳዲ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ቴል ሂም?» አለችኝ፤ ለምን አልነገርከውም ማለቷ ነው። ባህላችን ነው አልኳት። በአማርኛ ሌላ ነገር የሚገኝ መስሏት ይሆናል፣ ጠበቀች። ሌላ የለኝም።

ዛሬ። ሳይነጋ ሳን ሆዜ ደረስን። ስናንኳኳ ሂወት ከፈተችልን፤ ጥቁር ለብሳለች። ምንም አልነገረችውም፤ እሷም እኛን ጠብቃ ነው። እሱ የትናንቱን ሸሚዝ እንደለበሰ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ሽማግሌዎቹ መቀመጫ ሲያጡ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። በዚያ ድምፅ ነው የነቃው።

ፊታችንን አየ። አልጋውን አየ። «ኣደይ ድያ?» አለ፤ እናቴ ናት? ማለቱ ነው።

አቶ ተስፋማርያም ተነሥተው ያዙት። ሴቶቹ ልቅሶውን ለቀቁት። እሱ ግን ቆሞ ቀረ እንጂ አላለቀሰም። ሰው ትንሽ ሲረጋ «መቼ ሰማችሁ?» አለ። ጋሽ ተክለጻድቅ ትናንት ማታ ነው የተደወለልን አሉ። እንዲህ ነው የሚባለው፤ ለሐዘንተኛ የሚባል ነው።

«ትናንት ማታ ሁላችሁም አዳራሽ ነበራችሁ» አለ ተኽላይ።

 ከዚያ በቤቱ ካለው ሰው ሁሉ እኔን መርጦ አየኝ። ጥቁሩን ከረባት አድርጌያለሁ።

«ረቡዕ ዕለት፣ ስልኩን ሳነሣ፣ ታውቅ ነበር?»

ከረባቴን ላላ አደረግሁ።

«እሁድ ይቀላል አልከኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እናቴ አፈር ውስጥ ሆና አዘለልከኝ። ያውም ሁለት ጊዜ።»

አንተ ነህ እኮ ድገመው ያልከኝ ማለት አማረኝ። አላልኩም። በዚህ እንኳ ራሴን አመሰግናለሁ።

መስከረም 10፣ ዓርብ

ደወልኩ። ሂወት አነሣች፣ ድምፄን ሰማች፣ ዘጋች።

መስከረም 17፣ ዓርብ

መስቀል። ምንም።

ጋሽ ተክለጻድቅ ቅዳሜዎቹ ይቆዩ አሉ። ሌላ ዘፋኝ ብትፈልግስ ብለው ጠየቁኝ። እስቲ ላስብበት አልኳቸው። ለምን እምቢ እንዳላልኩ አላውቅም።

መስከረም 19፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሮማነወርቅ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማች። «እሁድ ይሁን ያለው አምሐ ነው አሉ፤ ለዳንሱ ብሎ።» ስትነግረኝ ዓይኔን አታየኝም። ማን እንዳለው አሁን ማን ያስታውሳል? አምስት ሰው ነበርን። ሁሉም ተናግሯል። እኔ የተናገርኩት ሰው ሁሉ ሥራ እንደሆነ ነው። ይህ ደግሞ እውነት ነው።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለችኝ። ይህችኛዋ ተረት ለእኔ ነች።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የአርባው ተዝካር። አቶ ተስፋማርያም ብትቀር ይሻልሃል፣ አትሂድ ብለውኝ ነበር፤ ሄድኩ። ሂወት በሩ ላይ አገኘችኝ። ከኋላዋ አልጋው የለም፤ ቦታው ባዶ ነው፣ ምንጣፉ ላይ የእግሮቹ ጉድጓድ አለ። ተኽላይ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ አየኝ፤ እንደ ማንኛውም ሰው አይቶኝ ፊቱን መለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሂወት አልገፋችኝም፣ ግባም አላለችኝም። «እዚያ አዳራሽ ተቀርጿል አሉ» አለችኝ። «ካሴቱን አጥፋልኝ ብሎሃል። እናቱ ሞታ የዘፈነው ከሰው ቤት እንዲገኝ አይፈልግም። ሌላ ያለው የለም።»

እሺ አልኳት። ጊታር ስለ መጫወት፣ ስለ ሃያ ዓመት፣ ስለ ሁሉም ነገር ልናገር ፈልጌ ነበር። አንድ ሴትዮ ትሪ ይዛ ልትገባ መንገድ ስለዘጋሁባት ዞር አልኩላት፤ ያን ጊዜ በሩ ተዘጋ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

አጥፍቼዋለሁ ብዬ በአቶ ተስፋማርያም በኩል ላክሁበት። «ይባርክህ» አሉኝ።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ጋራዥ። መኪና የለም። የጽጌን ቴፕ ይዤ መጣሁ።

ስለ እናቱ የተናገረው አለ። የሴቶቹ ልቅሶ አለ፤ ከዘፈኑ በላይ ይሰማል። ጽጌ «ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?» ስትል ይሰማል፤ ሮማነወርቅ ዝም ታሰኛታለች። ሁለቱንም ጊዜ ሰማሁት። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ አልተሰበረም።

እኔም አንድ ቦታ እንኳ አልሳትኩም።